ለመጠጥና ለዕፅ ሱስ የሚሰጡ የንግግር ሕክምናዎች፦ ልዩነታቸው የት ላይ ነው?

ሱስ ሥር የሰደደና በተደጋጋሚ የሚያገረሽ የጤና ችግር ነው። ታካሚው የሚወስደው ነገር ሰውነቱን፣ ቤተሰቡንና ሥራውን እየጎዳበት መሆኑን እያወቀ መጠኑን መግታት ይሳነዋል፤ ለማቆም በሞከረ ቁጥርም አምሮቱና የሰውነቱ ስቃይ ያሸንፉታል። ስለዚህ ሕክምናው ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ታካሚው ሲያቋርጥ የሚደርስበትን የሰውነት መታወክ ማከም ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ሁለተኛው ካቋረጠ በኋላ ወደ ነበረበት እንዳይመለስ ማገዝ ነው፤ ይህኛው ወራትንና ዓመታትን ይጠይቃል። በብዙ የጤና ተቋማት በቅጡ የሚሠራው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ታካሚው እጁ መንቀጥቀጡን ሲያቆም፣ እንቅልፉና የምግብ ፍላጎቱ ሲመለስለት «ከእንግዲህ እንዳይጠጡ» ተብሎ ይሰናበታል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በዚያው ሁኔታ ተመልሶ ይመጣል። ባለሙያው «ይህ ሰው አይለወጥም» ወደሚል ተስፋ መቁረጥ የሚደርሰውም በዚህ ጊዜ ነው።

ለሁለተኛው ክፍል የሚያገለግሉ የንግግር ሕክምናዎች ብዙ ናቸው። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ንድፈ ሐሳብ፣ የራሳቸው መምህራንና ተከታዮች አሏቸው፤ ለረጅም ዘመንም «የእኔ ይበልጣል» ሲባባሉ ኖረዋል። ክርክሩን ለመፍታት የተካሄዱት ትላልቅ ጥናቶች የሰጡት መልስ ተከራካሪዎቹ ከጠበቁት የተለየ ሆነ። መልሱ ልዩ ሥልጠና ላላገኘው የጤና ጣቢያ ነርስና ጤና መኮንን ከማንም ይበልጥ የሚጠቅም በመሆኑ በዝርዝር ማየቱ ተገቢ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሦስት መንገዶች

የመጀመሪያው የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ነው። መነሻው ሱስ በልምድ የተገነባ ባሕርይ ነው የሚል ነው፤ ስለዚህ ልምዱን የሚቀሰቅሱትን ነገሮች አንድ በአንድ ለይቶ በሌላ ልምድ መተካት ይቻላል ይላል። አላን ማርላትና ጁዲት ጎርደን በ1985 ያሳተሙት የግርሻ መከላከያ መጽሐፍ ለዚህ መንገድ መሠረት ከሆኑት ሥራዎች አንዱ ነው። በተግባር ባለሙያውና ታካሚው ያለፈውን የመጠጥ ቀን ወደ ኋላ ተመልሰው ይተነትኑታል። አንድ ታካሚ «ችግሬ አረቄ ብቻ ነው» ብሎ መጣ እንበል። ሰዓቱ፣ ቦታውና አብረውት የነበሩት ሰዎች ሲጠየቁ ነገሩ የጀመረው ከቀኑ ስምንት ሰዓት በርጫ ላይ መሆኑ ይታያል። ምርቃናው እንቅልፍ ይነሣዋል፤ እርሱን ለመስበር ጨብሲ ይከተላል፤ ጨብሲው እስከ እኩለ ሌሊት ይዘልቃል፤ በማግሥቱ ድካሙን ለማባረር እንደገና ጫት ይፈለጋል። የዚህን ሰው አረቄ ከጫቱ ለይቶ ለማከም መሞከር ከንቱ ድካም ነው። ሰንሰለቱ መበጠስ ያለበት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እንጂ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ አይደለም።

ሌላው የዚህ ሕክምና ክፍል እምቢ ማለትን መለማመድ ነው። በሰርግ፣ በማኅበርና በለቅሶ ቤት «በሞቴ»፣ «ይቺን ብቻ» እየተባለ የሚቀርብን ብርጭቆ መመለስ ቀላል አይደለም፤ አለመቀበል እንደ ንቀት የሚቆጠርበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ስለዚህ ታካሚው የሚመልሰውን ቃል አስቀድሞ በባለሙያው ፊት ጮክ ብሎ ይለማመዳል። «ሐኪም ከልክሎኛል» የምትለው አጭር መልስ ብዙ ጊዜ ከረጅም ማብራሪያ ትሻላለች፤ ረጅም ማብራሪያ ረጅም ልመናን ይጋብዛልና።

ሁለተኛው መንገድ ተነሣሽነትን የሚያጎለብተው ሕክምና ነው። የተመሠረተበትን የቃለ ምልልስ ስልት አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዊልያም ሚለር በ1983 በአንድ ጽሑፍ አስተዋወቀው፤ በ1991 ደግሞ ከእስቲቨን ሮልኒክ ጋር በመጽሐፍ አዘጋጀው። መነሻ ሐሳቡ ሱስ ያለበት ሰው ልቡ ለሁለት የተከፈለ ነው የሚል ነው፤ መተውንም አለመተውንም በአንድ ጊዜ ይፈልጋል። ባለሙያው ለመተው በተከራከረ ቁጥር ታካሚው ለመጠጡ ጠበቃ ይቆማል፤ ሲከራከርም የገዛ ራሱን ክርክር ይሰማና ይጸናበታል። ስለዚህ ባለሙያው ክርክሩን ትቶ ይጠይቃል። «መጠጡ ምን ይሰጥዎታል? ምንስ ይወስድብዎታል? ልጆችዎ ምን ይላሉ?» የመለወጥ ምክንያት ከባለሙያው ሳይሆን ከታካሚው አፍ እንዲወጣ ይጠበቃል፤ ሲወጣም ባለሙያው መልሶ ያሰማዋል። ይህ ሕክምና አጭር ነው፤ በትላልቆቹ ጥናቶች የተሰጠው በሦስት ወይም በአራት ቀጠሮ ብቻ ነበር።

ሦስተኛው በአሥራ ሁለቱ እርምጃዎች ላይ የተመሠረተው ነው። ምንጩ በ1935 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት በአክሮን ከተማ በአንድ የአክሲዮን ደላላና በአንድ ቀዶ ሐኪም የተመሠረተው የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ ማኅበር ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ማኅበሩ ራሱ ሕክምና ሳይሆን ከመጠጥ መላቀቅ የሚፈልጉ ሰዎች መረዳጃ ነው፤ በጥናቶቹ ውስጥ የተፈተነው ባለሙያው ታካሚውን ወደዚህ ማኅበር የሚያስገባበት፣ እንዲጸናበትም የሚደግፍበት የተቀነባበረ ሕክምና ነው። ግቡም መጠንን መቀነስ ሳይሆን ፈጽሞ መተው ነው።

ሦስቱ ሲነጻጸሩ

እነዚህን ሦስት መንገዶች ጎን ለጎን ያስቀመጠው የአሜሪካ መንግሥት የአልኮል ምርምር ተቋም ያካሄደውና ፕሮጀክት ማች የተባለው ጥናት ነው። 1,726 ሰዎች በዕጣ ተደልድለው ለ12 ሳምንታት ታከሙ፤ ዋናው ውጤት በ1997 ታተመ። የአጥኚዎቹ ጥያቄ «የትኛው ይበልጣል» የሚል ብቻ አልነበረም። ለእያንዳንዱ ዓይነት ታካሚ የሚስማማው ሕክምና የተለያየ ይሆናል፤ ታካሚውን ከሕክምናው ጋር በትክክል ማጣመር ከተቻለ ውጤቱ በእጅጉ ይሻሻላል ብለው ነበር የተነሡት።

የተጠበቀው አልሆነም። ታካሚዎቹ በአማካይ በወር 25 ቀን ያህል ይጠጡ የነበሩት ከዓመት በኋላ ከ6 ቀን በታች ወረዱ፤ ሆኖም የሦስቱም ቡድኖች ውጤት ተቀራራቢ ነበር። 4 ቀጠሮ ብቻ የነበረው ተነሣሽነትን የሚያጎለብተው ሕክምና 12 ቀጠሮ ከነበራቸው ከሁለቱ ጋር ተስተካከለ። ከተገመቱት የማጣመር ደንቦች አብዛኞቹ አልተረጋገጡም። ጥቂት የቀሩት ግን ለሥራ ይጠቅማሉ። ቁጣ የሚበዛባቸው ታካሚዎች የማይከራከራቸው ባለሙያ ሲያጋጥማቸው፣ ማለትም በሁለተኛው መንገድ፣ የተሻለ ውጤት አገኙ። ወዳጆቻቸው ሁሉ ጠጪዎች የሆኑት ደግሞ በሦስተኛው ዓመት ሲታዩ በአሥራ ሁለቱ እርምጃዎች መንገድ የተሻሉ ሆኑ፤ ምክንያቱ ለመገመት አያዳግትም፤ ማኅበሩ የማይጠጡ አዲስ ወዳጆችን ሰጥቷቸዋል።

ከዚህ ቀደም ብሎ በእንግሊዝ አገር በግሪፊዝ ኤድዋርድስ የሚመራ ቡድን በ1977 ያሳተመው ጥናት ይበልጥ የሚያስደነግጥ ነበር። ባለትዳር የሆኑ 100 የመጠጥ ሱሰኛ ወንዶች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በጊዜው የነበረውን ሙሉ ሕክምና አገኙ፤ ግማሾቹ ከሚስቶቻቸው ጋር ተቀምጠው አንድ ጊዜ ብቻ በቅጡ ተመከሩ። ከዓመት በኋላ በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። በዚያው አገር በ2005 የታተመውና 742 ሰዎችን ያሳተፈው ጥናት ደግሞ 3 ቀጠሮ ያለውን ተነሣሽነትን የሚያጎለብት ሕክምና ቤተሰብንና ወዳጆችን ከሚያካትት የ8 ቀጠሮ ሕክምና ጋር አነጻጽሮ እኩል ሆነው አገኛቸው።

ከእነዚህ ጥናቶች «ሕክምና ዋጋ የለውም» የሚል መደምደሚያ ያወጡ ነበሩ። ይህ ትክክል አይደለም። ፕሮጀክት ማች ምንም ያልታከመ ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም፤ እያንዳንዱ ተሳታፊ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ለረጅም ሰዓታት በጥንቃቄ ተጠይቋል፤ በየጊዜውም እየተፈለገ ተጎብኝቷል። ስለ ራሱ አጠጣጥ በርጋታ የሚጠይቀው፣ የሚሰማውና በቀጠሮ የሚከታተለው ሰው ማግኘቱ ራሱ አንዱ ሕክምና ሳይሆን አይቀርም። ከጥናቶቹ የሚወሰደው ትምህርት ሕክምናዎቹ በጋራ የያዙት ነገር ከሚለያያቸው ይልቅ ይበዛል የሚለው ነው።

የሚጎዳው አቀራረብ

ሁሉም አቀራረብ ይሠራል ማለት ግን አይደለም። በ1958 በካሊፎርኒያ በቻርልስ ዴድሪክ የተመሠረተው ሲናኖን የተባለው ማኅበር ሱሰኛውን በጉባኤ መካከል አስቀምጦ መዝለፍንና ማዋረድን እንደ መድኃኒት ይጠቀም ነበር፤ ዘዴው ወደ ብዙ የማገገሚያ ማዕከላት ተዛመተ። ሚለርና ባልደረቦቹ በ1993 ባሳተሙት ጥናት 42 ጠጪዎችን ከፋፍለው አንዳንዶቹን በመጋፈጥ፣ አንዳንዶቹን በማድመጥ አማከሩ። የምክክሩ ድምፅ ሲመረመር ባለሙያው ታካሚውን አብዝቶ በተጋፈጠ መጠን ታካሚው ከዓመት በኋላ አብዝቶ ይጠጣ እንደነበር ታወቀ። ይህ ውጤት በጤና ተቋም ለሚሠራ ሁሉ ቅርብ ነው። «ጉበትህ አልቋል፣ ቤትህን አፍርሰሃል፣ አታፍርም?» የሚለው ተግሣጽ ከአዘኔታ የመነጨ ሊሆን ይችላል፤ ታካሚው ግን የሚማረው በሚቀጥለው ጊዜ መዋሸትን ወይም መቅረትን ነው።

ምርጫው ለውጥ የሚያመጣባቸው ቦታዎች

የሕክምናው ዓይነት በእርግጥ የሚለያይባቸው ሁኔታዎች አሉ፤ ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ የኦፒዮይድ ሱስ ነው። ሞርፊን፣ ፔቲዲን ወይም ትራማዶል የለመደን ሰው በንግግር ሕክምና ብቻ ማስተው አደገኛ ነው። ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን በ2005 በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የገቡት ያለ እነርሱ ሕክምናው ስለማይጸና ነው። በ2003 በእንግሊዝ አገር የታተመ ጥናት ተኝተው ኦፒዮይድ ለማቆም የታከሙ 137 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። በቀጣዮቹ ወራት ዕፁን ከመጠን በላይ ወስደው የሞቱት ሦስቱም ሰዎች ሕክምናውን ጥሩ አድርገው ከጨረሱት ወገን ነበሩ። ሰውነታቸው የለመደውን መጠን ረስቶ ሳለ የቀድሞውን መጠን ወሰዱ፤ ገደላቸው። ስለዚህ ማንኛውም ኦፒዮይድ ያቋረጠ ሰው ከመሰናበቱ በፊት ይህ አደጋ ለእርሱም ለቤተሰቡም በግልጽ መነገር አለበት። እነዚህ መድኃኒቶች በእጃቸው የሚያልፉ የጤና ባለሙያዎች ራሳቸው ለዚህ ሱስ የተጋለጡ መሆናቸውም መዘንጋት የለበትም፤ የሥራ ባልደረባን በዝምታ መሸፈን እርዳታ አይደለም።

እንደ ኮኬይንና አምፌታሚን ላሉ አነቃቂዎች ደግሞ ከንግግር ሕክምናዎቹ መካከል ጎልቶ የወጣው በሽልማት የሚደገፈው ነው። እስቲቨን ሂጊንስ በአሜሪካ ቨርሞንት ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ እንዳሳየው ታካሚው ሽንቱ በተመረመረና ንጹሕ በሆነ ቁጥር ዋጋ ያለው ኩፖን ያገኛል፤ በተከታታይ ንጹሕ ሲሆን የኩፖኑ ዋጋ ያድጋል፤ ከተንሸራተተ ወደ መነሻው ይመለሳል። በ2018 የታተመና 50 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተናም ይህን ሕክምና ከማኅበራዊ ድጋፍ ጋር ማጣመር ከሌሎቹ የበለጠ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። ጫት የአነቃቂ ወገን ቢሆንም ከኮኬይን የተገኘውን ውጤት በቀጥታ ወደ እርሱ መገልበጥ አይገባም፤ የሽንት መመርመሪያውና የኩፖኑ ወጪም በብዙ ጤና ጣቢያዎች አቅም አይደለም። ሕጉ ግን ያለ ገንዘብም ይሠራል። ከሩቅ ከሚመጣ ትልቅ ተስፋ ይልቅ ዛሬ የሚሰጥ ትንሽና የማይቀር ዋጋ ባሕርይን ይለውጣል። ታካሚው ያልጠጣባቸውን ቀናት በመቁጠሪያ ላይ ምልክት እያደረገ ሲመጣና ባለሙያው በእርግጥ ሲመለከትለት ይህ ሕግ በጥቂቱ ሥራ ላይ ውሏል።

በመጠጥ በኩልም ሚዛኑ ፈጽሞ እኩል ነው ማለት አይቻልም። ግቡ ጨርሶ መተው ሲሆን የአሥራ ሁለቱ እርምጃዎች መንገድ ይቀድማል፤ በ2020 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 27 ጥናቶችንና 10,565 ሰዎችን ዐይቶ ከዓመት በኋላ በዚህ መንገድ ከታከሙት 42 በመቶ፣ በሌሎቹ ከታከሙት 35 በመቶ ጨርሶ እንደማይጠጡ አመልክቷል። መድኃኒትም ድርሻ አለው። ኮምባይን በተባለውና በ2006 በታተመው የ1,383 ሰዎች ጥናት ሐኪም ወይም ነርስ ከሚያደርጉት አጭር ክትትል ጋር ናልትሬክሶን መስጠት ወይም የንግግር ሕክምና መጨመር እያንዳንዳቸው ጠቅመዋል፤ ሁለቱን ማደራረብ ግን ተጨማሪ ጥቅም አላሳየም። ናልትሬክሶንና አካምፕሮሴት በ2023 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል።

ያለ ልዩ ባለሙያ የሚቻለው

የሥነ አእምሮ ልዩ ባለሙያ ጥቂት በሆነበት አገር ጥያቄው «የትኛው ሕክምና» ከሚለው ወደ «ማን ይስጠው» ይሸጋገራል። ለዚህ የሕንድና የኬንያ ልምድ ጠቃሚ ነው። በጎዋ፣ ሕንድ፣ የጤና ትምህርት የሌላቸው ነገር ግን የሠለጠኑ አማካሪዎች በጤና ጣቢያ ለተገኙ 377 ጠጪ ወንዶች ከፊሎቹን እስከ 4 በሚደርስ ቀጠሮ አማከሩ። በ2017 እንደታተመው በሦስተኛው ወር ከተመከሩት 36 በመቶው፣ ካልተመከሩት 26 በመቶው ከጎጂ አጠጣጥ ወጥተው ተገኙ። በኤልዶሬት፣ ኬንያ ደግሞ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ 614 ጠጪዎች በተሳተፉበትና በ2021 በታተመው ጥናት መካከለኛ ሥልጠና ያላቸው ሰዎች በስዋሂሊ የሰጡት የ6 ቀጠሮ የቡድን የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ከማነጻጸሪያው የጤና ትምህርት በልጦ መጠጥን ቀነሰ። ሁለቱም የተዘጋጁት በአካባቢው ሰው ቋንቋና ኑሮ ነው።

በኢትዮጵያ የጤና ተቋም ይህን ለመጀመር ቀዳሚው ሥራ መለየት ነው። ኦዲት የተባለው የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ 10 ጥያቄዎች አሉት፤ 8 እና ከዚያ በላይ ነጥብ አጠጣጡ አደጋ እንዳለበት፣ 20 እና ከዚያ በላይ ሱስ ሊኖር እንደሚችል ያመለክታል። ችግሩ መስፈሪያው ነው። መጠይቁ የሚቆጥረው በግምት 10 ግራም ንጹሕ አልኮል የያዘን መደበኛ መጠጥ ሲሆን ጠላም አረቄም ጥንካሬያቸው ከቤት ቤት ይለያያል። «ስንት ይጠጣሉ?» ከማለት ይልቅ መለኪያውን፣ ጣሳውንና ብርሌውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ማስቆጠር ወደ እውነቱ ያቀርባል። ስለ ጫትም «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በ1999 በታተመው የቡታጅራ ጥናት ከተጠየቁት 10,468 ዐዋቂዎች ግማሽ ያህሉ በወቅቱ ይቅሙ ነበር፤ ከቃሚዎቹ 80 በመቶ ያህሉ የሰጡት ምክንያት ለጸሎት ትኩረት ማግኘት ነበር። ለጸሎት የሚቅምንና ለረጅም መንገድ ንቃት የሚቅምን የጭነት መኪና ሹፌር በአንድ ምክር መሸኘት አይቻልም።

ብዙ ታካሚዎች ወደ ጤና ተቋም ከመምጣታቸው በፊት ጠበል ገብተዋል፣ በንስሐ አባታቸው ፊት ምለዋል፣ ወይም በረመዳን አቁመው ነበር። ባለሙያው ይህን ሊያጣጥል አይገባም፤ ውሳኔን በሌሎች ፊት ማጽናትና የማይጠጡ ሰዎች መካከል መዋል ሦስቱም መንገዶች የሚሹት ነገር ነው። አንድ አደጋ ግን አለ። ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ከ6 ሰዓት በኋላ መንቀጥቀጥና ላብ ሊጀምረው፣ በሁለት ቀናት ውስጥ እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊደርስበት፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የሌለ ነገር ማየትና መቃዠት ሊከተል ይችላል። ይህ በጠበል ስፍራ ሲከሰት እንደ መንፈስ መገለጥ ሊታይ ይችላል፤ ሳይታከም ግን ይገድላል። ምግብ ሳይበላ የቆየ ከሆነ የቫይታሚን ቢ1 እጥረት አእምሮውን ለዘለቄታው ሊጎዳው ይችላል፤ ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊት ቲያሚን መሰጠት ያለበትም ለዚህ ነው። ስለዚህ ከካህናቱና ከጠበል አስተናጋጆቹ ጋር አስቀድሞ መተዋወቅ፣ ከዚህ በፊት ሲያቆም የተንፈራገጠ ሰው በመጀመሪያ ወደ ጤና ተቋም እንዲላክ መስማማት ያስፈልጋል። ዲያዜፓሙን ወስዶ፣ ከተረጋጋ በኋላ ጠበሉን ቢቀጥል ሁለቱ አይጋጩም።

የሚቀረው ክትትሉ ነው። አብዛኛው ግርሻ የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ስለሆነ ቀጠሮው በመጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ከዚያም በየሁለት ሳምንቱ፣ ኋላም በየወሩ ቢሆን ይመረጣል። ማርላት አጥብቆ የጻፈበት አንድ ነጥብ አለ። አንድ ብርጭቆ የቀመሰ ሰው «አንዴ ተበላሽቷል» ብሎ ያስብና ሙሉ ጠርሙሱን ይጨርሳል፤ ከብርጭቆው የሚከፋው ይህ ሐሳብ ነው። ታካሚው ይህን ከመጀመሪያው ቀጠሮ መስማት አለበት፤ ቢንሸራተትም በቀጠሮው ቀን እንዲመጣ እንጂ እንዳይደበቅ አስቀድሞ ይነገረዋል። ሲመጣ የሚጠየቀው «ለምን ጠጡ?» ተብሎ ሳይሆን «ከዚያ ብርጭቆ በፊት ባለው አንድ ሰዓት የት ነበሩ? ከማን ጋር?» ተብሎ ነው። ቀጠሮውን ካሳለፈ በሁለተኛው ቀን ይደወላል፤ ለዚህም በመዝገቡ ላይ ከታካሚው ስልክ ጎን እርሱ ራሱ የፈቀደው የአንድ ቤተሰብ አባል ስልክ ይጻፋል።